በዐይኔ አይቻለሁ

ጨው ዳር ላይ ሰው ሰውን የሚያምነው ከዳሰሰው በኋላ ነው። ጠዋት በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የማንም ድምፅ በመሣሪያ በሚሠራበት ዘመን መልሱ ምን ይረባል? በሩ በእጅ ልክ ገርበብ ይላል፣ የመጣው ሰው እጁን ያስገባል፣ የቤቱ ባለቤት መዳፉን አገላብጦ ይዳስሳል፣ ሰላምታው የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ልጆች አፍ እንደፈቱ መጀመሪያ የሚማሩት እናታቸው ከደጅ ስትጠራቸው ዝም ማለትን ነው። ዐሣ ገዢና ዐሣ ሻጭ የእጅ አንጓ ለአንጓ ተያይዘው ነው ዋጋ የሚከራከሩት። ስልክ ሲደወል ደግሞ ባልም ይሁን ሚስት በቅድሚያ «ትናንት ስንለያይ ምን አልኩህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀልደኞቹ እንደሚሉት በዚህ አገር ብዙ ትዳር የፈረሰው መልሱን በረሱ ባሎች ነው።

ሞሚና ሐንፈሬም እንደ ሰዉ ሁሉ ታደርጋለች፤ እሷን ግን አንዴ መዳሰስ አይበቃትም። ቡና ልትጠጣ የመጣችን ጎረቤት ከዳሰሰች በኋላ ትንሽ አጫውታ እንደገና እጇን ያዝ ታደርጋለች። «ሞሚና የራሷን እጅ ሳትዳስስ ፊቷን አትታጠብም» ይሏታል። ትስቃለች፤ መዳሰሷን ግን አትተውም።

አይፈረድባትም። የተወለደችው ቀይ አፈር ነው፤ ከጨው ዳር በስተሰሜን፣ ያው አዲሱ ባሕር ዳር። በእናቷ ዘመን ባሕሩ የጨው ሜዳውን ሰብሮ ሲገባ መጀመሪያ ጎጆ የቀለሱት የእሷ ዘመዶች ነበሩ። አንድ ቀን የመንገዱ ድምፅ ማጉያዎች በአባቷ ድምፅ ተናገሩ፤ ወጀብ እየመጣ ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ አሉ። አባቷ በዚያ ሰዓት ከአጠገቧ ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። መረቡን አስቀምጦ ራሱን ሲሰማ ቆየና «እንዲህ ካልኩማ አንድ ያወቅኩት ነገር ቢኖር ነው» ብሎ ተነሳ። ሰዉም ሁሉ ተከተለው። ወጀቡ አልመጣም። ሲመለሱ ቀይ አፈር ታጥሮ፣ በአጥሩ ውስጥ ቦቴ የሚያህሉ ጋኖች እየተተከሉ አገኙት። መሬቱ «ነዋሪዎቹ በፈቃዳቸው የለቀቁት» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። አባቷ ያን ዓመት አልጨረሰም፤ ሲሞትም ሰው አላናገረም፣ ድምፁን ጠልቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ በባሕሩ ዳርቻ ሁሉ በድምፅ የሚነቃነቅ ሰው ጠፋ። እውነተኛ ወጀብ መጥቶ፣ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ፣ ሰዉ እየሳቀበት ያለቀ መንደርም አለ። የባሕር አየር ክትትል ቢሮ የሚባለው መሥሪያ ቤት አንድ መላ አመጣ፦ ሰውን ሰው ያስጠንቅቀው፤ ከየመንደሩ «ታዛቢ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ይመረጡ፤ ሰማዩንና ባሕሩን ማየት ይሠልጥኑ፤ ያዩትን በሥጋቸው ሄደው ይንገሩ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሞሚናን የረበሻትም መጥፎ አለመሆኑ ነው። ሥልጠናው ውስጥ የገባችው አምናቸው ሳይሆን በቅርብ ሆና ልትከታተላቸው ብላ ነበር።

አሠልጣኙ ልዑልሰገድ የሚባል ከከተማ የመጣ ወጣት ነው። ሥልጠናው ዐሣ በሚቀመጥበት በረዶ ቤት ጥላ ሥር ሲጀመር፣ ምንም ሳይናገር እየዞረ እጁን ለእያንዳንዱ ሰው ሰጠ። እጁ ልስልስ ነው፤ መረብም አካፋም ያልነካው። አብራት የምትሠለጥነው ዐሣ ሻጯ ዘሃራ «ይኼንን እጅ ለሕፃን ማሻሻ ቢያደርጉት» ብላ ሰዉን አሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ።

ዳጉም ተምሮ መጥቷል። ዳጉ የቆላው ሰው የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ፣ በትራቸውን ያጋድማሉ፣ ያላቸውን ወሬ በተራ ይለዋወጣሉ፤ ያየኸው ነው የሰማኸው? ከማን ሰማኸው? እሱስ አይቶ ነው ሰምቶ? ይባባላሉ። በዳጉ የዋሸ ሰው ሁለተኛ የሚያዳምጠው አያገኝም፤ ዳጉ ተጠይቆ የሚነፍግም ውሃ እንደከለከለ ይቆጠራል። ልዑልሰገድ ጥያቄዎቹን በተራቸው፣ ሳይሳሳት ሲደረድራቸው ሽማግሌው አባ ያዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ልጅ ጎበዝ ነው» አሉ። ሞሚና በበኩሏ ማን አስተማረው ብላ አሰበች።

ትምህርቱ ግን እውነተኛ ትምህርት ነበር። ነፋስ ሳይኖር ረጃጅም ማዕበል ከመጣ ከሩቅ የሚገፋው ወጀብ አለ ማለት ነው። ሸርጣኖች ቀን በቀን ከአሸዋው ወደ ጨው ድንጋዩ ከወጡ፣ የባሕር ወፎች ወደ መሬት ከበረሩ፣ ወጀብ ነው። ሞሚና ሳትወድ በግዷ ከሁሉም ቀድማ ያዘችው። አንድ ቀን ግን እጇን አወጣች።

«ወጀብ እንደሚመጣ የሚታወቅበትን ነገርከን። እንደማይመጣ የሚታወቀው በምንድን ነው?»

ልዑልሰገድ ማስታወሻውን ገልበጥ አደረገ። «እሱ በሚቀጥለው ዙር ነው፣ ወይዘሮ ሞሚና።»

በመጨረሻው ቀን ጉርድ እንጨት የምታህል የድምፅ መቅጃ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ታዛቢ ተራ በተራ ቆሞ ስሙን ይናገርና «ወጀቡን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ወደ ኮረብታው ውጡ» ይላል። ለልምምድ ነው አለ። ዘሃራ መቀነቷን አጥብቃ፣ አንገቷን አቅንታ፣ እንደ ሠርግ አዝማች አደረገችው፤ ተጨበጨበላት። ሁሉም አሉት። ሞሚና ጋ ሲደርስ አልተነሳችም።

«አላየሁም» አለች።

«ልምምድ እኮ ነው።»

«ሳላይ አየሁ ማለትን ተለማምጄ ምን ላደርገው ነው? ሳይ እለዋለሁ።»

«ያን ጊዜ ድንጋጤ አለ፣ ምላስ ይተሳሰራል።»

«የኔ ምላስ ተሳስሮ አያውቅም። ዘሃራን ጠይቃት።»

«እሱስ እውነቷን ነው» አለች ዘሃራ።

ቢሟገታት ይሻላት ነበር። ልዑልሰገድ ግን ፈገግ ብሎ መቅጃውን ዘጋና «መብትዎ ነው» አለ። ያች ፈገግታ ሞሚናን ቤቷ ድረስ ተከተለቻት። ለልጆቿ እራት ስታቀርብ እንኳ «መብትዎ ነው? ደግሞ የምን መብት?» እያለች ታጉተመትም ነበር።

ወጀቡ የተነገረው በማግስቱ፣ ዘሃራ ገበያው ላይ ዐሣ እየቀደደች ሳለ ነው። ከጭንቅላቷ በላይ ያለው ድምፅ ማጉያ «ስሜ ዘሃራ እባላለሁ፤ ወጀቡን በዐይኔ አይቻለሁ» አለ። ዘሃራ ቢላዋውን ጣለችና በደም በተነከረ እጇ አፏን ያዘች። ቀጥሎ የጀልባ ጠጋኙ ድምፅ መጣ፤ ጀልባ ጠጋኙ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ቀጥሎ የሌላው፣ የሌላው። ታዛቢዎቹ ሁሉ በሰማይ ላይ አየን እያሉ፣ በምድር ላይ አላየንም እያሉ ይጮኹ ነበር።

«እኔ አይደለሁም! እናንተ፣ ንኩኝ፣ እኔ ይኼው ነኝ!» ዘሃራ ወደ ሰዉ እጇን ትዘረጋለች። ሰዉ ግን ሸሻት። ትናንት ያጨበጨበላት ሁሉ አሁን «ምን ብለው ከፈሉሽ?» በሚል ዐይን ያያታል። ማንም አልወጣም። አንዳንዱ እንዲያውም አጥር ቢተከል ለማፍረስ ብሎ መጥረቢያውን ከቤት አመጣ።

አባ ያዮ በትራቸውን ተደግፈው ድምፅ ማጉያው እስኪዘጋ ሰሙትና ወደ ሞሚና ዞሩ። «ያንቺ ድምፅ የለበትም።»

«የለበትም።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ሂጂና እዪ። እኛ እዚህ እንጠብቅሻለን።»

ልዑልሰገድ በዚህ መሀል እያለከለከ ደረሰ። ቅጂውን የለቀቀው ቢሮው ነው አለ፤ እሱ አላዘዘም፣ እንዲህ ይደረጋል ብሎም አላሰበም። «ግን ወጀቡ እውነት ነው! በዐይን እስኪታይ ከተጠበቀ ሰው ያልቃል፣ ይገባችኋል? ሰዓት የለም!» ሞሚና እጁን ያዘችው። በላብ ርሷል። ላብ የፈራ ሰው ምልክት ነው፤ የእውነተኛ ሰው ምልክት ግን አይደለም። ለቀቀችውና ወደ ባሕሩ ጫፍ ሄደች።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በጀልባዎቹ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ እንኳ አይነቃነቅም። ሞሚና አለቱ ላይ ቆማ ተመስገን ልትል ከንፈሯን ስታላቅቅ፣ ውሃው ከሩቅ ቀስ ብሎ አበጠ። ያለ አረፋ፣ ያለ ድምፅ፣ ሰፊ ሆኖ መጣና ጀልባዎቹን ከዳር እስከ ዳር በተራ አንስቶ በተራ አስቀመጣቸው። ከዚያ ረዥም ዝምታ። ከዚያ ሌላ ማዕበል። ከእግሯ ሥር ሸርጣኖች በጨው ድንጋዩ ላይ እየተጋፉ ይወጡ ነበር።

ፈራች፤ ወጀቡን ብቻ አይደለም። ውጡ ብላ ውሸት ከሆነ ጨው ዳርን እንደ አባቷ በገዛ አፏ ታስረክባለች። ቆዩ ብላ እውነት ከሆነ ልጆቿም ጎረቤቶቿም ያልቃሉ። ምልክቱን ያስተማራት ደግሞ ያው የማታምነው ሰው ነው። ምነው ባላየሁት አለች፤ ግን አይታለች።

ተመልሳ በሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ አለች።

«ወጀቡን አላየሁም» ብላ ጀመረች። «ደመናም ነፋስም አላየሁም። ያየሁት ያለ ነፋስ የሚመጣ ረዥም ማዕበል ነው። ሸርጣኖቹ በቀን ሲወጡም አይቻለሁ።»

«የወጀብ ምልክት መሆኑን ከማን ሰማሽ?» አሉ አባ ያዮ።

በአገጯ ወደ ልዑልሰገድ አመለከተች። «ከሱ።»

«ከሌላስ?»

«ከሌላ አልሰማሁም።»

አባ ያዮ ቀጥለው የጠየቁት በዳጉ የሚጠየቅ አይደለም። «አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ» አለች ሞሚና። «ቤቴን ባጣ ሁለተኛዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ልጅ ማጣትን አላውቀውም፣ ላውቀውም አልፈልግም።»

ሰዉ መነሳት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። አባ ያዮ ግን ወንበራቸውን አስመጥተው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። «መንደሩ ባዶ ሆኖ አይገኝም። አጥር ይዘው ቢመጡ ፈቅዶ ለቀቀ የሚሉት ሰው ሳይሆን ቁጭ ያለ ሰው ያግኙ» አሉ። ሞሚና እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው፤ ዘሃራ ተቆጣቻቸው፤ ወጣቶቹ ተሸክመው ሊያነሷቸው ሲሉ በበትር አባረሯቸው። ልዑልሰገድ ራሱ «አባቴ፣ ማንም አያጥርም፣ እምላለሁ» ቢላቸው «በል አንተ ሂድ፣ እጅህ ይረጥባል» ብለው መለሱት።

ወጀቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ። ከኮረብታው ላይ ሆነው ሁሉንም አዩት። ባሕሩ የበረዶ ቤቱን ጣራ ገልብጦ ወሰደ፣ ገበያውን ጠረገው፣ ቀጥሎ ቤቶቹን። የአባ ያዮ ቤት ስትሄድ ሰዉ አንድ ላይ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ የጮኸ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሞሚና ከሰዉ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳለ ልዑልሰገድ መጣ። ልብሱ በጭቃ ተለውሷል፣ ዐይኑ ደም መስሏል። ከፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ የያዘውን በትር አጋደመ፣ እጁን ሰጣት። ከዚያ እንደ ደንቡ ዳጉ ጠየቃት።

ለቢሮው ቢሆን፣ ለመቅጃው ቢሆን አፏን ባልከፈተች። ዳጉ ግን ተጠይቆ አይነፈግም። ደግሞም መናገር ፈልጋ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተጫነውን ለአንድ ሰው ማውረድ ፈልጋ ነበር። ነገረችው። ወጀቡን በዐይኔ አይቻለሁ አለች። ገበያው ሲጠረግ አይቻለሁ፣ የአባ ያዮ ቤት ስትሄድ አይቻለሁ፣ ለምኛቸው እምቢ አሉኝ፣ እቆያለሁ እንዳሉ ቀሩ አለች። እዚህ ስትደርስ አለቀሰች። እሱ አላቋረጣትም። በየቦታው «አይተው ነው ሰምተው?» ይላታል፤ አይቼ ትለዋለች። ሲጨርሱ እጇን ስሞ ተነሳና ቁልቁል በመንገዱ ሄደ።

ዳጉ ግን የሁለት ሰው ነው። የሰጠ ይቀበላል። ሞሚና በሐዘኗ መሀል የራሷን ተራ ረሳች፤ አንተስ ምን አየህ፣ ወዴትስ ትሄዳለህ ብላ አልጠየቀችውም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ስሕተት መሆኑም አልታወቃት።

ውሃው ሲሸሽ ወረዱ። የአባ ያዮን ሬሳ ጨው ድንጋዮቹ መሀል አግኝተው ቀበሩት። ሞሚና በፍርስራሹ ውስጥ ስትዞር ዐይኗ የአጥር ምልክት ብቻ ይፈልግ ነበር፤ ችካል፣ ሽቦ፣ የጎማ ዱካ። ምንም የለም። መንደሩ ፈርሷል እንጂ አልታጠረም። አፈረች። ያ ልጅ እውነቱን ነበር፤ በሷ ጥርጣሬ ምክንያት የተጓተተው ሰዓት ባይኖር አባ ያዮን ማባበያ ጊዜ ይገኝ ነበር ብላ ራሷን ወቀሰች። ልዑልሰገድን ባገኝ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ስትል ዘሃራ «እኔስ ድምፄን ሳይመልስልኝ አላናግረውም» አለቻት።

ይህን እያሰበች ነው የውሃ ቦቴ ይቆምበታል ወደተባለው የመንገድ መገናኛ የወጣችው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ሆና ስታየውም ባሕሩ ተኝቶ፣ ማዕበሉ አጭር፣ ነፋሱ ለስላሳ ነበር። መገናኛው ላይ ስትደርስ ከደቡብ በኩል ሰልፍ ሲመጣ አየች። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚነዳ፣ አሮጊት ያዘለ። የነጭ ድንጋይ ሰዎች ናቸው፤ ከአለቱ ወዲያ ያሉ፣ ወጀቡ ሳይነካቸው ያለፋቸው ጎረቤቶች። ከፊት ሽማግሌያቸው አባ ኢሴ ነበሩ። አይተዋት ጭነታቸውን አውርደው በሁለት እጃቸው እጇን ያዙ።

«አላህ ይስጥሽ፣ ሞሚና። በሐዘንሽ ላይ ሆነሽ እኛን አሰብሽን።»

«ምን አደረግኩ?»

«ሁለተኛው ወጀብ ሳይደርስ ነው የወጣነው።»

ሞሚና ሰማዩን አየች። «የምን ሁለተኛ? አባ ኢሴ፣ ማን ነው የነገራችሁ?»

«አንቺ ነሻ።»

እንዲህ ሆነ አሉ። ያ ከከተማ የመጣው ልጅ በእግሩ መጣ። በድምፅ ማጉያ አይደለም፤ በሥጋው። ዳሰሱት፣ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ዳጉ ሰጣቸው። ከማን ሰማህ ሲሉት ከሞሚና አለ፤ ራሷን ስሟት ብሎም ከአንገትጌው ሥር ከነበረች መቅጃ ድምፅዋን አወጣላቸው።

«እኛ ድምፅ አናምንም፣ ታውቂያለሽ» አሉ አባ ኢሴ። «እንደ ዘሃራ በድምፅ ማጉያ የመጣ ቢሆን በድንጋይ ነበር የምናባርረው። አንቺ ግን ለነሱ አልናገርም ያልሽ ሴት ነሽ፣ ይኼን አገር ያውቀዋል። ደግሞ ስለ ያዮ ስታለቅሺ ሰማንሽ። አይተሽ ነው ሰምተሽ ሲልሽ፣ አይቼ ስትዪ ሰማንሽ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ተሠርቶ አይመጣም።»

«አልተሠራም» አለች ሞሚና። «ለቅሶው የኔ ነው፣ ቃሉም የኔ ነው። ግን ያለፈውን ነው የነገርኩት፤ የኛን። ሁለተኛ ይመጣል አላልኩም።»

«ያን አንቺ አላልሽም። ያን ያለው እሱ ነው።» አባ ኢሴ ይህን ሲሉ የራሳቸውን ቃል ሰሙትና የያዙትን እጇን ጠበቅ አደረጉ።

«ባሕሩን አሁን አይቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ወጀብ የለም። ምልክትም የለም።»

ሽማግሌው አላመነቱም፤ እጇን ይዘዋልና አመኗት። ዞረው ወደ መጡበት አዩ። ከቁልቁለቱ ሥር፣ ነጭ ድንጋይ ዳር፣ አቧራ ይነሳል። በአቧራው ውስጥ መኪኖች ቆመው ችካል ያራግፉ ነበር፤ የመዶሻው ድምፅ ከምቱ ዘግየት እያለ ወደ ላይ ይደርሳል።

«ይቅር በሉኝ» አለች ሞሚና።

«በነገርሽው ላይ የጨመርሽው አለ?» አሉ አባ ኢሴ፣ ከመኪኖቹ ላይ ዐይናቸውን ሳያነሱ።

«የለም።»

«የዋሸሽው?»

«አንድም ቃል አልዋሸሁም።»

«አንድ ቃል ዋሽተሽ ቢሆን እናውቅብሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አንወጣም ነበር።»

ጭነታቸውን መንገዱ ላይ እንዳወረዱት ጥለው በትራቸውን ብቻ አነሱና ወደ መኪኖቹ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ሞሚናም ተከተለቻቸው።